አንባቢው መርማሪ

ድራማው የሚጀምረው በጽሕፈት መኪና ድምፅ ነው። ሙዚቃ የለም፤ የሚነጋገር ሰውም የለም። አንድ ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ረጅም ፎቅ ላይ ባለ ቢሮው ብቻውን ተቀምጦ ይጽፋል። ከታች በጎዳናው ላይ አንድ መኪና ወደ ሕንፃው እየተጠጋ ይመጣል። ካሜራው አንዴ ጸሐፊውን፣ አንዴ መኪናውን ያሳያል፤ የሚሰማው ድምፅ ግን አይለወጥም። ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ሲያርፉ የሚያወጡት ቀጭ ቀጭ መኪናው ውስጥም፣ መንገዱም ላይ፣ ደረጃውም ላይ ይከተላል። ባለ መኪናው ምን እንዳሰበ ማንም አልተናገረም። ተመልካቹ ግን የሚጽፈው ሰው ዕድሜ እያለቀ መሆኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይገባዋል።

ይህ "መርደር ባይ ዘ ቡክ" የተባለው ክፍል ነው። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ረቡዕ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 ምሽት አስተላለፈው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 1964 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) "ኮሎምቦ" የተሰኘው የወንጀል ምርመራ ድራማ በተከታታይ መታየት የጀመረው በዚያ ምሽት ነው። መቶ አለቃ ኮሎምቦን ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ፋልክ በማግስቱ 44 ዓመት ይሞላዋል። ስክሪፕቱን የጻፈው ስቲቨን ቦችኮ ዕድሜው 27 ነበር። ካሜራው ከጽሕፈት መኪናው ተነሥቶ በመስኮት አሻግሮ መንገዱን እንዲያይ ያደረገው አዘጋጅ ደግሞ የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙ ስቲቨን ስፒልበርግ። "ጆስ" የተባለው የሻርክ ፊልሙ ለእይታ ሊበቃ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል።

ከ1968 እስከ 2003 ድረስ 69 የኮሎምቦ ፊልሞች ተሠርተዋል። ወዳጆቹ የትኛው ይበልጣል በሚለው መስማማት አይሆንላቸውም፤ አንዱ የወይን ጠጅ ነጋዴውን ታሪክ ያነሣል፣ ሌላው የቼዝ ተጫዋቹን። "መርደር ባይ ዘ ቡክ" ግን ከሁሉም የሚለይበት አንድ ነገር አለ። እዚህ ኮሎምቦ የሚያሸንፈው በደም ጠብታ ወይም በጣት አሻራ አይደለም፤ በማንበብ ነው። ሁለት ግድያዎች ይፈጸማሉ፤ እሱም ሁለቱን እንደ ሁለት ድርሰት አስተያይቶ "እነዚህን የጻፋቸው አንድ እጅ አይደለም" ከሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ቴሌቪዥን እንዲህ ዓይነት ታሪክ ለመናገር የበቃበት መንገድ ረጅም ነው፤ መነሻውም ከቴሌቪዥን ብዙ ዘመን ይቀድማል።

አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ፓሪስ ውስጥ የተፈጸመን ግድያ በሐሳቡ ብርታት የሚፈታ ሰው ፈጥሮ ለአንባቢ አቀረበ። በ1887 ሼርሎክ ሆልምስ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመርማሪ ታሪክ አካሄድ አንድ ሆኖ ጸና። መጀመሪያ ሬሳ ይገኛል፤ ቀጥሎ መርማሪው ይመጣል፤ ተጠርጣሪዎች ይደረደራሉ፤ የገዳዩ ስም የሚነገረው በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው። አንባቢውን ሌሊቱን ሙሉ ያለ እንቅልፍ የሚያሳድረው "ማን ገደለ?" የሚለው ጥያቄ ነበር።

ይህን ሥርዐት አውቆ የገለበጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ኦስቲን ፍሪማን ነው። ፍሪማን በ1880ዎቹ መጨረሻ በዛሬዋ ጋና፣ አክራ ውስጥ የቅኝ ግዛቱ ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። በበሽታ ጤናው ታውኮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ኑሮውን ለመደጎም ብዕር አነሣ። ዶክተር ቶርንዳይክ የሚባለው መርማሪው ማይክሮስኮፑን በሣጥን ይዞ የሚዞር የሳይንስ ሰው ነበር። ፍሪማን አንድ ቀን ለራሱ ጥያቄ አነሣ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ እንዴትና ለምን እንደገደለ ለአንባቢው አስቀድሞ ቢነገረው ታሪኩ ይሞታልን? መልሱን የሰጠው ራሱ ነው። በ1910 አንድ የአልማዝ ነጋዴ እንዴት እንደተገደለ በመጀመሪያው ክፍል ከነዝርዝሩ ተረከ፤ በሁለተኛው ክፍል ቶርንዳይክን አስገብቶ አንባቢው የሚያውቀውን እውነት ከትንንሽ ፍርስራሾች እንዲደርስበት አደረገ። በ1912 "ዘ ሲንጊንግ ቦን" በተባለው መጽሐፉ ተመሳሳይ ታሪኮችን ሰብስቦ አሳተመ። ታሪኩ አልሞተም። "ማን ገደለ?" የነበረው ጥያቄ "እንዴት ይያዛል?" ወደሚል ተለወጠ እንጂ።

እርግጥ ከፍሪማን በፊት ዶስቶየቭስኪ ነበር። በ1866 የታተመው "ወንጀልና ቅጣት" ውስጥ ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን በመጥረቢያ ሲገድል አንባቢው አብሮት አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መርማሪ ፖርፊሪ ፔትሮቪች ቸኩሎ አያስርም። ያወራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ርእስ ይለውጣል፣ የማይረባ የሚመስል ነገር ያነሣል፤ ተጠርጣሪው የገዛ ጭንቀቱ እስኪያቃጥለው ድረስ ይጠብቃል። ኮሎምቦን የፈጠሩት ሰዎች የእነሱ መርማሪ ከፖርፊሪ እንደሚወለድ ደጋግመው ተናግረዋል፤ የደራሲውን የቼስተርተንን ካህን መርማሪ አባ ብራውንንም ያነሣሉ። በ1950ዎቹ ይኸው የተገለበጠ ታሪክ ወደ መድረክና ወደ ፊልም ተሻገረ። የፍሬድሪክ ኖት "ዳያል ኤም ፎር መርደር" በ1952 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ በ1954 ሂችኮክ ፊልም አደረገው። እዚያም ባል ሚስቱን ለማስገደል ሲያሤር ተመልካቹ ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ስልክም የሤራው ዋና መሣሪያ ነው።

ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የፊላደልፊያ ልጆች ናቸው። የተዋወቁት በ14 ዓመታቸው ገደማ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሁለቱም የመርማሪ ልብ ወለድና የአስማተኛ ትርኢት ፍቅር ነበረባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ጻፉ። አብረው አጫጭር ታሪኮችን ለመጽሔት ሸጡ፤ አብረው ወደ ሆሊዉድ ሄዱ። በጁላይ 1960 "ኢናፍ ሮፕ" የተባለ ድራማቸው በኤንቢሲ ሲተላለፍ መቶ አለቃ ኮሎምቦ የሚባል ፖሊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የተጫወተው በርት ፍሪድ ነው፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ብዙ ሰው የለም።

ጓደኛሞቹ ያንኑ ታሪክ "ፕሪስክሪፕሽን፦ መርደር" ብለው ለቴአትር አሰፉትና በ1962 መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለመድረክ በቃ። ገዳዩን ሐኪም የተጫወተው ታዋቂው ጆሴፍ ኮተን ሲሆን፣ ኮሎምቦን ደግሞ ቶማስ ሚቸል የተባለው አንጋፋ ተዋናይ ወሰደው። ደራሲዎቹ ዋና ገጸ ባሕሪያችን ሐኪሙ ነው ብለው ያምኑ ነበር። መጋረጃው ተዘግቶ ተዋንያኑ እጅ ሲነሡ ግን የሞቀው ጭብጨባ ለፖሊሱ ሆነ። ሚቸል በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አረፈ፤ ቴአትሩም ብሮድዌይ ሳይደርስ ቀረ።

በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀው "አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" የሚለው የኮሎምቦ ልማድ የተወለደውም በቴአትሩ ጊዜ ነው። ሊንክ እንደሚያስታውሰው አንድ ትዕይንት አጥሮባቸው ነበር። ኮሎምቦ ተሰናብቶ ከክፍሉ ወጥቷል፤ እነሱ ደግሞ ገና መናገር የነበረበት ነገር እንዳለ አሁን ትዝ አላቸው። ገጹን እንደገና በጽሕፈት መኪና መምታት ስለሰለቻቸው ፖሊሱን ከበሩ መለሱት። ገዳዩ "ተገላገልኩ" ብሎ ትንፋሹን በለቀቀባት ቅጽበት ያ ሰው ራሱን ቧጨር ቧጨር እያደረገ ይመለሳል። ከዚህ የተሻለ የጥርጣሬ ማጥመጃ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1968 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ቴአትሩን ወደ ቴሌቪዥን ፊልም ሲለውጠው ደራሲዎቹ በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልገው ለቢንግ ክሮዝቢ እንዲነበብ ሰጥተው ነበር፤ እሱ አልተቀበለም። ፒተር ፋልክ ግን ስክሪፕቱን አንብቦ ያን ፖሊስ ካልተጫወትኩ አለ። ፋልክ ሦስት ዓመቱ ላይ በካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ዓይን ተተክቶለታል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ግንባሩን ጨምድዶ የሚያይበት ሁኔታ ከዚያ የመጣ ነው፤ ለማስመሰል አይደለም። ያ የተጨማደደ የዝናብ ካፖርትም የራሱ ነበር፤ ኒው ዮርክ 57ኛው ጎዳና ላይ ዝናብ ሲይዘው ገዝቶት ነው። ስቱዲዮው የሚያለብሰውን ልብስ አልወደደምና ከቤቱ አመጣው። አሮጌዋን ፔጆ 403 መኪናም ከስቱዲዮው መኪኖች መካከል መርጦ ያወጣት እሱ ነው።

ኤንቢሲ በ1971 አንድ ብልህ ውሳኔ ወሰነ። "ሚስትሪ ሙቪ" በሚል ስም ሦስት ድራማዎችን በአንድ የሳምንት ምሽት እያፈራረቀ ማሳየት ጀመረ፤ ኮሎምቦ፣ "ማክላውድ" እና "ማክሚላን ኤንድ ዋይፍ"። ስለዚህ ኮሎምቦ በየሳምንቱ መቅረብ አልነበረበትም። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ክፍሎች ብቻ ተሠሩ፤ እያንዳንዳቸውም ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያላነሰ ጊዜ ተሰጣቸው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ያለ ጥድፊያ የሚነጋገሩበት ድራማ ሊኖር የቻለው ለዚህ ነው። በኮሎምቦ ውስጥ የመኪና ማሳደድና የጥይት እሩምታ የለም። መቶ አለቃው ሽጉጥ ታጥቆ እንኳ አይታይም። መሣሪያው ጥያቄ ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ ሚስስ መልቪል የምትባል አሮጊት መርማሪ ፈጥረው በሽያጭ የተሳካላቸው የልብ ወለድ ደራሲዎች ናቸው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሁለቱም ስም አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የሚጽፈው ጂም ብቻ ነው። ኬን ያማረ ልብስ ለብሶ ከጋዜጠኛ ጋር ይነጋገራል፣ ገንዘቡን ያጠፋል፣ ሣቅ ያውቃል። ጂም አንድ ቀን ከዚህ በኋላ ብቻዬን ቁም ነገር ያለው ሥራ ልጽፍ ነው ብሎ ሲወስን የኬን ሕይወት ከመሠረቱ ይናጋል። የማይጽፍ ደራሲ ምን ይሆናል? ጸሐፊው ከሞተ ደግሞ ኬን የሕይወት መድኑን ገንዘብ ይወስዳል።

ኬን ጓደኛውን በፈገግታ አባብሎ ሳን ዲዬጎ አካባቢ ወደሚገኝ የሐይቅ ዳር ቤቱ ይወስደዋል። እዚያ ሲደርሱ ጂም ለሚስቱ ለጆአና እንዲደውልና "ቢሮ ነኝ፣ አመሻለሁ" እንዲላት ያደርገዋል። ጂም ለጓደኛው ቀልድ ብሎ የተናገረው ውሸት የመጨረሻ ቃሉ ሆነ። ሚስቱ ጥይቱን በስልክ ሰማች፤ ባሏ ሎስ አንጀለስ ቢሮው ውስጥ እንደተገደለ እርግጠኛ ሆነች። ኬን ያን ሰዓት ከከተማው ርቆ ነበር፤ ይህን የሚያስተባብል ሰው የለም። ሤራው ንጹሕ ነው። ይህች ንጽሕና ናት ኋላ የምታስይዘው።

ኮሎምቦ የሚገባው ታሪኩ ሩብ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ጆአናን ቢሮው ደጃፍ ላይ ያገኛታል። ሌሎች ፖሊሶች ጥያቄ በጥያቄ አዋክበዋታል፤ እሱ ግን ወደ ቤቷ ይወስዳትና ወጥ ቤት ገብቶ ኦምሌት ይሠራላታል። እንቁላል እየሰበረ ስለ ሚስቱ ያወራል። ሐዘንተኛዋ ትንሽ ትረጋጋለች፤ መናገርም ትጀምራለች። ይህን ትዕይንት ለድራማው ማሳመሪያ የገባ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ኮሎምቦ ሰውን የሚያከብረው ለዘዴ ብሎ ብቻ አይደለም፤ አክብሮቱ እውነተኛ መሆኑ ነው ሰው ደጁን እንዲከፍትለት የሚያደርገው። ጂም ሁሉን ይጽፍ እንደነበርና ኬን ምንም እንደማይጽፍ የሚነገረውም ከጆአና ነው።

ከኬን ጋር ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። በድሮው የአገራችን ሙግት "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ሁለት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ሲተጋተጉ፣ አንደበቱ የጠፋበት የሚረታው ባልጠበቀው ጥያቄ ነበር፤ የኮሎምቦና የኬን ነገር ከዚያ ጋር ይዛመዳል። ልዩነቱ፣ እዚህ አንደኛው ወገን ሙግት ላይ መሆኑን እንኳ ለረጅም ጊዜ አይገምትም። ፖሊሱ ያደንቀዋል፣ ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር አልገባኝም ይለዋል። ጓደኛህ ጠፋ ሲሉህ በአውሮፕላን መምጣት ስትችል ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ለምን ነዳህ? የጓደኛህን ሬሳ በገዛ ግቢህ ሣር ላይ ካገኘህ በኋላ ፖስታህን መክፈት እንዴት ቻልክ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው፤ መኪናዋ ሬሳውን ጭናለች። ሁለተኛው ደግሞ ለፍርድ ቤት የማይረባ፣ ስለ ሰውዬው ልብ ግን ብዙ የሚናገር ምልከታ ነው። ኮሎምቦ ኬንን የጠረጠረው ያን የተከፈተ ፖስታ ባየ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ኬንን የተጫወተው ጃክ ካሲዲ የመድረክ ሰው ነበር። ጥርሱ፣ ድምፁ፣ ብርጭቆ አያያዙ ሁሉ የኬንን ኑሮ ይናገራል። ኮሎምቦ ገዳዮቹን ከሀብታሞችና ከታላላቅ ሰዎች መካከል መምረጡ የደራሲዎቹ የታሰበበት ውሳኔ ነው፤ ካሲዲ ደግሞ ያን ዓለም በሥጋና በደም ያሳየ ሰው ነው። ድራማው ሦስት ጊዜ ገዳይ አድርጎ አቅርቦታል፤ በ1974ቱ ክፍል አሳታሚ ሆኖ ደራሲ ያስገድላል። የሚገደለውን ደራሲ የተጫወተው ደግሞ የእውነት የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲው ሚኪ ስፒሌን ነበር። ካሲዲ በዲሴምበር 1976 መኖሪያ ቤቱ ውስጥ በተነሣ እሳት ሕይወቱ አለፈ።

ሁለተኛዋ ሟች ሊሊ ላ ሳንካ ናት። በሐይቁ መንገድ ላይ ሱቅ አላት፤ ብቸኛ ናት፤ ኬንን በልቧ ትወደዋለች። በዚያ ቀን ጂምን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አይታዋለች። እሷ ስለዚህ የምታወራው በዛቻ ቃና አይደለም፤ ዝም ለማለት ገንዘብ ስትጠይቅ እንኳ እራት አብረው እንዲበሉ የምትፈልግ ትመስላለች። ኬን በሻምፓኝ ጠርሙስ መትቶ ይገድላትና ሬሳዋን በጀልባ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ ይጥላል። ባርባራ ኮልቢ ይህችን ሴት እንድትናቅ ሳይሆን እንድታሳዝን አድርጋ ተጫውታታለች። በጥቂት ትዕይንት ውስጥ ከዋናዎቹ ተዋንያን እኩል ትዝ የምትል ሴት ፈጠረች። ኮልቢ ራሷ በጁላይ 1975 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥይት ተገደለች፤ የገደሏት ሰዎች እስከ ዛሬ አልታወቁም። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የሱቋን ትዕይንት እንደ ቀድሞው ሊያየው አይችልም።

በሊሊ ሞት ኬን ደከመ። የሻምፓኝ ቡሽ ቤቷ ውስጥ ወድቆ ይገኛል። አላውቃትም ላላት ሴት በእጁ ጽሑፍ የፈረመበት መጽሐፍ ከመደርደሪያዋ ይወጣል። ይህ ሁሉ የችኮላና የግዴለሽ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው ኮሎምቦ እንደ አንባቢ ማሰብ የሚጀምረው። የመጀመሪያው ግድያ የተዋጣለት ድርሰት ነበር፤ መነሻው፣ መሸጋገሪያው፣ በስልክ የምትሰማው ጥይት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ሁለተኛው የተንቦጫረቀ ነው። አንድ ደራሲ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲህ አይወርድም። ኬን ደግሞ በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ ያልጻፈ ሰው ነው። ታዲያ ያን የመጀመሪያውን ማን አሰበው? ጂም እንደሚሆን ይገምታል፤ ጂም የመጣለትን ሐሳብ ሁሉ በወረቀት ቁራጭ ላይ የመጻፍ ልማድ እንደነበረው ሰምቷል። ወረቀቶቹን ሲበረብር ሤራው ከነዝርዝሩ ተጽፎ ያገኘዋል፤ አንድ ሰው ጓደኛውን ራቅ ወዳለ ቤት ይወስደዋል፣ ለሚስቱ ያስደውለዋል፣ ይገድለዋል።

ኬን ይህን ሲሰማ አይቆጣም፤ የሚያስቅ ነገር እንዳገኘ ሰው ነው የሚሆነው። ሐሳቡ የጂም አልነበረም፤ የእሱ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የመጣለት አንድ ጥሩ ሐሳብ ያ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በፊት ለጂም አጫውቶታል። ጂም ይጽፈዋል ብሎ ግን አልገመተም። የኮሎምቦ ግምት እዚህ ላይ ስቷል፤ የሄደበት መንገድ ግን ከትክክለኛው ሰው አድርሶታል። እውነተኛው ጸሐፊ ከሞተ በኋላም ጓደኛውን በጽሑፉ ማስያዙ በጣም የተሳካ ንድፍ ነው፤ ይህን የጻፈው ገና 30 ዓመት ያልሞላው ቦችኮ መሆኑ ደግሞ ያስደንቃል።

አንዳንድ የድራማው ወዳጆች "ይህ ማስረጃ ፍርድ ቤት አይቆምም" ይላሉ፤ ልክ ናቸው። የሞተ ሰው ማስታወሻ ገዳዩን አያስርም፤ የቡሽ ክዳንም እንዲሁ። ያሰረው የኬን የእምነት ቃል ነው፤ ኬን ያመነውም ተሸንፎ ብቻ ሳይሆን በዚያች በአንዷ ሐሳብ ባለቤትነት ለመመስገን ነው። ጂም ያስታወሰውን ሌላ ሰው እንዲያስታውስለት ይፈልጋል። ይህን ጠባይ ያላነበበ ሰው የዚህን ክፍል ፍጻሜ ደካማ ብሎ ማለፍ ይችል ይሆናል።

ስለ ስፒልበርግም አንድ ነገር መባል አለበት። ዩኒቨርሳል የኮንትራት ሠራተኛ አድርጎ ቀጥሮት ለቴሌቪዥን ሥራዎችን ሠርቷል፤ የመጀመሪያው በ1969 ጆአን ክሮፎርድ የተጫወተችበት "ናይት ጋለሪ" ውስጥ ያለ አጭር ክፍል ነው። "መርደር ባይ ዘ ቡክ"ን አብሮት የቀረጸው ራስል ሜቲ "ስፓርታከስ"ን ቀርጾ ኦስካር የተሸለመ አንጋፋ ባለሙያ ነበር። ሙዚቃውን የሠራው ቢሊ ጎልደንበርግ የጽሕፈት መኪናውን ድምፅ ከሙዚቃው ጋር አዋሕዷል። ፋልክ በኋላ እንዳጫወተው ስፒልበርግ ካሜራውን ከመንገዱ ማዶ አቁሞ በረጅም ሌንስ ይቀርጸው ነበር፤ ካሜራው አጠገቡ ስላልነበረ ተዋናዩ ዘና አለ። ፋልክ ለአዘጋጆቹ ይህ ልጅ ለኮሎምቦ ከሚገባው በላይ ጎበዝ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ "ዱኤል" የተባለው ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያ በኋላ ስፒልበርግ ወደ ኮሎምቦ አልተመለሰም። ፋልክ በበኩሉ በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ከስቱዲዮው ጋር ተከራክሮ የመጨረሻውን ክፍል "ብሉፕሪንት ፎር መርደር"ን ራሱ አዘጋጅቷል።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያበቃ በኤሚ ሽልማት ለድራማ ስክሪፕት የታጩት ሦስቱም ሥራዎች የኮሎምቦ ሆኑ። ከመካከላቸው አንዱ ይህ የቦችኮ ስክሪፕት ነበር፤ ሽልማቱን የወሰዱት ግን ሌቪንሰንና ሊንክ "ዴዝ ሌንድስ ኤ ሃንድ" በተባለው ክፍል ነው። ፋልክም የዚያን ዓመት ኤሚ ወሰደ፤ እስከ 1990 ድረስ በኮሎምቦ ብቻ አራት ተሸልሟል። ቦችኮ ደግሞ በ1981 "ሂል ስትሪት ብሉዝ"ን ከባልደረባው ጋር ፈጥሮ የፖሊስ ድራማን አካሄድ ቀየረ።

የኮሎምቦ የመጀመሪያ ስም ነገርም መቼም አይረሳም። ድራማው ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም። አንድ የእውቀት መጽሐፍ አዘጋጅ "ፊሊፕ" የሚል የፈጠራ ስም ሆን ብሎ በመጽሐፉ ውስጥ አስገባ፤ ሰው ቢሰርቀው ለመያዝ ነው። "ትሪቪያል ፐርሱት" የተባለው ጨዋታ ስሙን ደግሞ ሲያወጣው አዘጋጁ በ1984 ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን እውነት ተብሎ በመጽሐፍ የወጣን ነገር ሌላው ቢወስደው አያስጠይቅም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ሃንጋሪ ውስጥ ደግሞ በ2014 ቡዳፔስት ከተማ ፋልክ ሚክሳ በሚባለው መንገድ ላይ መቶ አለቃው ከውሻው ጋር በነሐስ ቆሟል። በጃፓን በ1994 የጀመረው "ፉሩሃታ ኒንዛቡሮ" ገዳዩን አስቀድሞ የማሳየቱን ዘዴ ወረሰ፤ በ2023 "ፖከር ፌስ" በአሜሪካ ያንኑ አካሄድ ይዞ መጣ።

ሌቪንሰንና ሊንክ በ1984 ከፒተር ፊሸር ጋር "መርደር ሺ ሮት"ን ፈጠሩ፤ እዚያም የወንጀል ልብ ወለድ የምትጽፍ ሴት እውነተኛ ግድያዎችን ትፈታለች፤ ሚስስ መልቪልን የሚያስታውስ ሰው ዝምድናውን ለማየት አይቸገርም። ሪቻርድ ሌቪንሰን በማርች 1987 በ52 ዓመቱ አረፈ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ላይ የጻፉት ሁለት ሰዎች ጉዞ በዚያ ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኮሎምቦን እንደገና ማሳየት ጀመረ፤ ሊንክም ብቻውን መጻፍ ቀጠለ። በ2010 በራሱ እጅ የጻፋቸውን አዳዲስ የኮሎምቦ አጫጭር ታሪኮች በመጽሐፍ አሳተመ። በዲሴምበር 2020 በ87 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ስለ ኮሎምቦ በተጠየቀ ቁጥር የሌቪንሰንን ስም ከራሱ ጋር አጣምሮ ያነሣ ነበር።